በሁለት ሳፋ የተለወጠው ሬዲዮ

«ያንን የሽቦ ሳጥን ለልዋጭ ሰጥቼ ሁለት ሳፋ ተቀበልኩበት። ለማንም የማይጠቅም የልጅ መጫወቻ ነበር።»

ውድ አባዬ፣

ይህን የጻፈልኝ የመጨረሻ ልጅዎ፣ ታናሽ ወንድሜ አበራ ነው። ሳልጨምር ሳልቀንስ የገለበጥኩት ማን ምን እንዳለ በትክክል እንዲያውቁልኝ ነው።

ከተለዩን ዓመት ሊሞላ ነው። የደብረ ማርቆሱ ቤታችን ጣሪያው ታድሷል፤ ግቢው ሲሚንቶ ፈስሶበታል። አንቴናችንን ያሰርንበት ባሕር ዛፍም ተቆርጧል። ይህን ሁሉ አይቼ ዝም ብያለሁ። የሳጥኑን ነገር ግን ዝም አልልም።

መጫወቻ! በንጉሡ ጊዜ የውጭ አገሩ የሳይንስ መምህራችን ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠኝ የኤሌክትሮኒክስ መማሪያ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ትንንሽ ሞላዎች ተተክለዋል፤ ሽቦውን በሞላው መካከል ሲያስገቡት ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። አብሮት በመጣው መጽሐፍ መሠረት ሲያገናኙት ዛሬ አምፖል ያበራል፤ ነገ ፈትተው በሌላ መንገድ ሲያገናኙት ይጮኻል። እርስዎ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጥምጣምዎን እንኳ ሳይፈቱ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ዛሬስ ምን ያደርጋል?» ይሉኝ ነበር።

ሬዲዮውን የሠራነው በበጋ ነው። መጽሐፉ አንዱን ሽቦ እርጥብ መሬት ውስጥ ቅበሩ ይላል፤ መሬቱ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ላመጣ ስነሣ ከለከሉኝ። ቤት ሲመሠረት ጉድጓዱ ጠበል ይረጭበት የለ? ይህም መሬት የሚገባ ነገር ስለሆነ በባዶ ውሃ አይጀመርም ብለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በቅል አምጥተው አፈሰሱበት። አመሻሽ ላይ አንዲቷን ማዳመጫ በጆሮዎ አደረግኩልዎ። ጋዜጠኛው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?» አሉት። ዜናው እስኪያልቅ ማዳመጫዋን አልሰጡኝም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስመለስ፣ ቁም ነገሩ እርጥበቱ እንጂ ጠበሉ እንዳልሆነ በሰፊው አስረዳሁዎ። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ታዲያ ጠበል ውሃ አይደለም? ምን አንገበገበህ?» አሉኝ። 

ሳጥኑን ከልብሰ ተክህኖዎ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት። በጋ በመጣ ቁጥር እመጣ ነበር፤ ሽቦው የእኔ ሥራ፣ ጠበሉ የእርስዎ። ባለፈው ኅዳር ሽቦውን በመስኮት አሳልፌ ማዳመጫዋን አልጋዎ ላይ ሰጠሁዎ። ጆሮዎ ደክሞ ነበርና የሚሰሙ አልመሰለኝም። ጋዜጠኛው ሰላምታ ሲሰጥ ግን ከትራሱ ቀና አሉና «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

አባዬ፣ ይህን አልረሳም። በታኅሣሥ፣ በሙት ዓመትዎ፣ ሲሚንቶው ካልደረሰበት ከጓሮ ሽቦውን ቀብሬ ጠበሉን በራሴ እጅ አፈሳለሁ። ሰላምታው ሲመጣ በእርስዎ ፈንታ ብድግ የምለው እኔ ነኝ።

ለዚህ ግን ሳጥኑ መገኘት አለበት። አበራ፣ ይህን አንተም እንድታነበው ነው የጻፍኩት። ሳጥኑን የወሰደው ልዋጭ ማን እንደሆነና በየትኛው ሰፈር እንደሚዞር እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ በጽሑፍ መልስልኝ። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም። ሳፋዎቹንም ውሃ እንዳታስነካቸው፤ ለልዋጩ እንዳሉ ይመለሳሉ።