ሲነገር የሚረክስ መድኃኒት

ለእህቴ ለአልማዜ፣

ሰላምታዬን ሳላስቀድም ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ባለቤቴ ዱባለ ሆዱ ያበጠ ጊዜ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ «እናት፣ ከኛ መድኃኒት ሌላ ያጠጣችሁት ነገር አለ?» ብሎኝ ነበር። እኔ «የለም» አልኩት። ነበረ። አንዲት ሴት የሰጠችኝን ሥር ከሐኪሙ ክኒን ጋር ጠዋት ጠዋት አጠጣው ነበር። «ሲነገር ይረክሳል» ስላለችኝ አፌን ዘጋሁ። የገደለው ሕመሙ ይሁን ሥሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙ ቢያውቅ ኖሮ ግን አንድ ነገር ይሞክር ነበር።

እንደምን ሰነበትሽ፣ እህቴ? የጡትሽ ቀዶ ጥገና ቁስል ደረቀልሽ? እህል ይወርድልሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስልክሽ ተዘግቶብኝ ደህና ነኝ ማለት ከተቻለ።

ፊደል የቆጠርኩት ሱቃችን ውስጥ ዕቃ በምንጠቀልልበት ጋዜጣ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዛሬም ሳላነብ አልጠቀልልም። ስለ ዕፅዋትና ስለ ካንሰር የሚያወራ ገጽ እጄ ገባና ያገኘሁትን ያህል አንብቤ ደወልኩልሽ። ተክል ሻጋታ ሲመጣበት መሸሻ እግር ስለሌለው ትናንሽ ፕሮቲኖች እየሠራ ይዋጋል፤ ከአንድ የጌጥ ትምባሆ አበባ የወጣው ደግሞ የካንሰርን ሴል ይገድላል ይላል። አንቺ «ትምባሆማ ጓሮዬ ሞልቷል» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። መልሼ ስደውል በጠብታ የሚሰጥሽን የሆስፒታል መድኃኒት ትተሽ ቅጠሉን እያስፈላሽ እንደምትጠጪ ነገርሽኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ይረክስብኛል» አልሽና ዘጋሽው።

የገጹ ግማሽ ለካ በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል። ቤቴል ሰፈር ነርስነት የምትማረው ተከራያችን ሳምሪ ቀሪውን ስልኳ ላይ ፈልጋ አነበበችልኝ። «ምነው እትዬ ሰርኬ፣ በግማሽ ወሬ ሰው ይታከማል?» አለችኝ።

እንግዲህ ሙሉውን ስሚኝ። ሴል ማለት በኮባ እንደተጠቀለለ ቅቤ ነው በይው፤ ኮባው ራሱ ግን ከስስ ስብ የተሠራ ነው። ያ ፕሮቲን ከኮባው ስብ አንዱን መርጦ ይይዛል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ኮባውን ይበሳዋል። ውስጡ ያለው ይፈስና ሴሉ ይሞታል። ይህ እውነት ነው፤ እኔንም ያሳሳተኝ እውነትነቱ ነው። የሆነው ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ በብርጭቆ ሳህን ላይ፣ ተጣርቶ በወጣው ፕሮቲን ነው። ለበሽተኛ የሚሰጥ መድኃኒት ገና አልሆነም፤ ጤነኛውንም ሴል እንዳይበሳ ተመራማሪዎቹ ገና እየደከሙበት ነው። ሲጠጣማ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፤ ጡትሽ ጋ አይደርስም። የሚደርስብሽ የቅጠሉ መርዝ ብቻ ነው። ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል፣ ይገድላልም። ማስመለሱን «በሽታው እየወጣልኝ ነው» እንዳትዪው። ዱባለም እንደዚያ ይል ነበር፤ እኔም አምኜ ጨምሬ እቀዳለት ነበር።

አልማዜ፣ አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። ወደ ሆስፒታሉ ተመለሽ። የጠጣሽውንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ ቢቆጡሽ እኔን ስደቢ፣ «እህቴ ናት ያሳሳተችኝ» በያቸው። ራሴ እንዳልመጣ ጉልበቴ ከደጅ አያሳልፈኝም። እናታችን አንቺን ለኔ አደራ ብላ ነው የሞተችው፤ እኔ ደግሞ በአፌ መርዝ ላክሁልሽ።

ባልሽን ታዲዮስን ሰላም በዪልኝ፤ እምቢ ብትይው እንኳ ተሸክሞ ይውሰድሽ። ልጅሽን ኤልናታንን ሳሚልኝ፤ የጓሮውን ትምባሆ ከሥሩ ይንቀለው። ጎረቤቶችሽንም ሁሉ ሰላም በያቸው። ሲነገር ይረክሳል አይደል? የዱባለንም ያንቺንም ተናገርኩ። ይርከስ።

እህትሽ ሰርኬ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይህን ወረቀት ከሹፌሩ ከጆሲ እጅ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ፣ ልጄ ናዝራዊት፤ ቅጠሉን የምታፈዪላት አንቺ ነሽና። ድስቱን አውርጂና ለእናትሽ አንብቢላት። ከዚያ አጥፈሽ እንዳታስቀምጪው፤ ለሐኪሟ ስጪው።