ድራሜን ዝም ላሰኙት የሕንጻ ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ቦጋለ ዘውገ፣
ከሲኒማ ራስ ወደ ምን አለሽ ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ባለቤት፤

ጤናዎ ከሕንጻዎ በተሻለ መሠረት ላይ እንዲቆም ከልብ እየተመኘሁ፣ ስላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ። እኔ በሦስተኛው ፎቅ ከእናቴ ከወይዘሮ እታገኝ ጋር ተከራይቼ የኖርኩ፣ በሠርግ ባንድ ውስጥ ድራም በመምታት የምተዳደር ሔርሜላ ነኝ።

አንደኛ፣ የጆሮዎን ጥራት አደንቃለሁ። ከመስኮታችን ሥር ቀጥቃጮች ቀኑን ሙሉ በርሜል ሲደበድቡ ምንም የማይሰማው ጆሮዎ፣ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ የምነካካውን ድራም ለይቶ ማወቁ ድንቅ ነው። ደረጃው ላይ በእናቴ ፊት አስቁመው «ግድግዳዬን የሰነጠቀው ያንቺ ድራም ነው፤ ወይ እሱን አስወጪ ወይ አንቺ ውጪ» ሲሉኝ አመንኩዎት። ከእናቴ አልጋ በላይ ያለው ስንጥቅ የእኔ ሥራ መስሎኝ አፈርኩም።

ሁለተኛ፣ ወደ ዘመናዊው ዓለም ስላሸጋገሩኝ አመሰግናለሁ። የምወደውን ድራሜን ሸጬ ኤሌክትሪክ ድራም ገዛሁ። ሙዚቃው የሚሰማው በማዳመጫው ለእኔ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው የዱላው ጠቅ ጠቅ ነው። የፔዳሉ ንዝረት ወለሉን እንዳይነካ እንኳ ወፍራም ስፖንጅ አነጠፍኩ። ሕንጻው ጸጥ አለ። ስንጥቁ ግን ትእዛዝዎ አልደረሰውም መሰል፣ ኮርኒሱን ተሻገረ፤ የመኝታ ቤታችንም በር አልገጥም አለ።

ሦስተኛ፣ ለጸጥታው። ያለ እሱ ምንም ባልሰማን ነበር።

መብራት በጠፋበት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከእኛ በታች የሚኖሩት ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ጠሀ በራችንን አንኳኩ። ስለ ድራሙ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

«ሔርሜላ ልጄ፣ ቅር አይበልሽና ዛሬስ ትንሽ በዛ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መብራት የለም እኮ። ያለ መብራት አይሠራም» አልኳቸው።

ሁለታችንም ጆሯችንን አቀናን። ያኔ በግድግዳው ውስጥ ሰማነው፤ ጧ፣ ጧ እያለ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ከአልጋው ራቀች።

ተያይዘን ወረድን። ምድር ቤት፣ በሸራ በተጋረደው ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች መሐለኛውን ምሰሶ በመሮ ይፈለፍላሉ፤ ፌሮው ወጥቶ ይታያል። ሱቁን ለማስፋት ነው አሉን። ጋሽ ጠሀ መዳፋቸውን ምሰሶው ላይ አሳርፈው፣ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው ቶሎ አነሡት።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እርስዎም ወዲያው ደረሱና «አንቺ ድራምሽን ምቺ፤ ምሰሶውን ለእኔ ተይው» አሉኝ። ተነጥቄ የነበረው የመምታት መብቴ በዚህ ፍጥነት ስለተመለሰልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎት።

ወረዳ ሄደን አመለከትን፤ ባለሙያ እንልካለን ተባልን። የመጣ የለም። እርስዎ ግን አቤቱታችንን ከቁም ነገር ቆጥረው ሸራውን በወፍራም ለወጡት፤ መሮው ከኋላው ቀጠለ። ጋሽ ጠሀ ልጆቻቸውን ይዘው አማኑኤል ወደሚኖሩት እህታቸው ቤት ሄዱ። እናቴ «ዕድሜዬን ከፈጀሁበት ቤት የት እሄዳለሁ» እያለች ስታንገራግር ሰነበተች። ትናንት ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ልስን ትራሷ ላይ ወድቆ አገኘች። ሻንጣዋን አወጣች። ዛሬ እኛም ወጥተናል።

ሕንጻዎ ገና ብዙ የሚናገረው እንዳለው በመተማመን፣ ከማይናወጥ (ቃሉ ቅር ካላሰኘዎ) አክብሮት ጋር፣

የቀድሞ ተከራይዎ
ሔርሜላ ማሙሸት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሰኞ ቢሮዎን ከነወንበሩ ከሕንጻዎ አውጥተው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ማዛወርዎን አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ አንድ ሰው ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። ለቀሩት ተከራዮች እርስዎ የሄዱበትን ምክንያት የነገሯቸው ስላልመሰለኝ፣ ይህን ደብዳቤ በየበራቸው ለጥፌ ወጥቻለሁ።