ሽምብራውን ስታስተምሪኝ

ቡሬ፣ ግንቦት 3 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ ቻይነሽ፣

ፊደሉን እንዲህ አግዝፌ የጻፍሁት ወረቀት ተርፎኝ አይደለም። መሠረተ ትምህርት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስለተማርን፣ ተጠጋግቶ የተጻፈ እንደሚያስቸግርሽ አውቃለሁ። ካስቸገረሽ ደግሞ ለሰው ታስነብቢዋለሽ። ይህን ሰው እንዲያነብልሽ አልፈልግም። ቀስ እያልሽም ቢሆን ብቻሽን ጨርሺው።

እንዴት ከረምሽ ብዬ አልጠይቅሽም። አዴት ደርሶ የተመለሰ ሁሉ እንዴት እንደከረምሽ ይነግረኛል። የአክስትሽን ማሳ የሚያርስ ወንድ ጠፍቶ አምና ግማሹ ጦም አደረ አሉ። «ወንድሜ ክንዱ ቢኖር» እያልሽ ታለቅሻለሽ አሉ። ክንዱ እንዳይኖር ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ቻይነሽ። እንደምን ልጀምረው ብዬ ስፈራ ነበር፤ ይኸው ጀመርሁት።

ነገሩ የ1979 ኅዳር ነው። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሲበተን የሊቀመንበራችን የጓድ ክንፈሚካኤል ሚስት፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ ለብቻዬ ጠራችኝ። ያን ጊዜ «እርስዎ» እላት ነበር፤ ዛሬ ለሷም ለራሴም የሚሆን አንቱታ የለኝም።

«ያቺ ጓደኛሽ ቻይነሽ፣ ሽምብራ የሚሉትን የኪሮሽ ሥራ ታውቃለች አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ለልጄ ሰርግ የአልጋ ልብስ ትሥራልኝ። ለዳግማይ ትንሣኤ ይድረስልኝ። ክሩ ከኔ ነው። ስለ ወንድሟም ጓድ ክንፈሚካኤል የሚያስብላት ነገር አይጠፋም፤ እንዲህ ብላለች በያት።»

የብሔራዊ ውትድርናው ዝርዝር ላይ ያንቺም ወንድም የኔም ወንድም ስማቸው እንዳለ ሁለታችንም ሰምተናል። ሁለታችንም እናት አባት የቀበርን፣ ሁለታችንም አንድ አንድ ወንድም ብቻ የቀረን። እዚያው እንደቆምሁ ወንድሜ እንዳለው ታየኝ፤ ያንቺ ክንዱ አልታየኝም።

«ቻይነሽማ አትችልም፣ እትዬ። አጨዳ ላይ ናት፤ እጇ አይደርስም» አልሁ። «ግን እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንቺ? ታውቂዋለሽ?»

«እንዴታ! አብረን ነው የለመድነው።»

ኪሮሽ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ለራሴ ስቆርስ ላንቺ ፍርፋሪ እንኳ አላስተረፍሁልሽም።

ማግስቱን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደጅሽ መጣሁ። «ሽምብራውን አስተምሪኝ» ስልሽ እንዴት ደስ አለሽ! ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ ጫፉን ቆልምመሽ የሠራሻትን ኪሮሽ አምጥተሽ እጄ ላይ አስቀመጥሽ። አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ሰንሰለቱን ጀመርሁ፤ አሥር ዓይን ሳልሠራ ኪሮሹ አልገባ አለኝ። ብገፋው፣ ባጣምመው፣ ወይ ፍንክች። አየሽኝና ሳቅሽ።

«እታለም፣ ይህ እኮ የፈታይ እጅ ነው» አልሽ። «እንዝርት የለመደ ጣት ክር ካገኘ ማክረር ነው። ኪሮሽ ደግሞ የከረረ ነገር አይወድም። ልቀቂው፤ የትም አይሄድብሽም።»

አገር የመሰከረልኝ ፈታይ ነበርሁ። ክሯ የላላ ሴት ስትታማ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ ልቀቂው ስትይኝ እጄ እንቢ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠርቼ ስተረትር፣ ሠርቼ ስተረትር፣ ነጩ ክር አደፈ። አንቺ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሽኝም። ብትቆጪኝ ኖሮ ምናልባት ተናድጄ እተወው ነበር። ይኸው እስከዛሬ በትዕግሥትሽ የምናደድብሽ ቀን አለ።

ከዚያ ወደ ሽምብራው ገባን። «አንዷ ዓይን ውስጥ አምስት ጊዜ ትገቢያለሽ። አምስቱንም ኪሮሹ ላይ አቆዪአቸው፤ እንዳትቸኩይ። መጨረሻ ላይ ክሩን ስበሽ በአምስቱም መሀል በአንድ ጊዜ አሳልፊው» አልሽኝ። አሳለፍሁት። ምንም የለም፤ ልሙጥ ነው። ልጥለው ስል ገልብጠሽ አሳየሽኝ፤ ሽምብራዋ በጀርባው ወጥታ ጉብ ብላለች። «እንዲህ ናት፤ ሠሪዋን አታይም፣ ጀርባዋን ነው የምትሰጣት» ብለሽ ተሳለቅሽብኝ። እኔም ሳቅሁ። አየሽ፣ ከዚያ ሁሉ ክፋት መሀል ከልቤ የሳቅሁበት ቀንም ነበር። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

ሽምብራው ሲገባኝ ደግሞ ቁራጩ እየጠበበ ሄደ፤ ከታች ስንዝር፣ ከላይ ሦስት ጣት። የጠርዟን ዓይን በየረድፉ እየዘለልሁ ኖሯል። «ዳር ያለችውን አትርሻት፤ ስፋቱን የምትጠብቀው እሷ ናት» ብለሽ ጣቴን ይዘሽ አስነካሽኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቁራጭ አልጠበበብኝም።

ስድሳ ቁራጭ ነበር ገጥሜ የምሰፋው። ጥር ላይ፣ «ይህን ሁሉ ለማን ነው?» አልሽኝ።

«ለእንዳለው ሰርግ» አልሁሽ።

«እሰይ! እንግዲያማ እኔም አለሁበት» አልሽ። የካቲት ላይ አንጓዬ አብጦ እጄ አልንቀሳቀስ ሲል አሥራ አራቱን ቁራጭ አንቺ ሠራሽልኝ። ክንዱ ከእርሻ ሲመለስ ክሩን ይይዝልሽ ነበር። እኔ ከጎን ተቀምጬ አያችሁ ነበር።

ሆሳዕና ሳይደርስ ወስጄ አስረከብሁ። አቻምየለሽ በመዳፏ እየዳሰሰች «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ያንቺዎቹን ከኔዎቹ አልለየችም። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ፤ ያንቺ ሽምብራዎች ሁሉም እኩል ናቸው። «የክንዱስ ነገር?» ብዬ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ስምሽን ባነሳ ውሸቴ ይገለጣል ብዬ ፈራሁ። በሳምንቱ እንዳለው «የደረት ሳል አለበት» ተብሎ ስሙ ተሰረዘ። ክንዱ የሚሰርዘው አጣ።

ፍኖተ ሰላም አብረን ሄደን ሸኘነው። በሶውን በከረጢት ይዘሽ ከመኪና መኪና ስትሮጪ እኔ ከኋላሽ ነበርሁ። መኪኖቹ በጅጋ መንገድ ሲወጡ አልጮህሽም። ክንዴን ጨብጠሽ፣ «የኔስ ሄደ። እንዳለውን ያቆይልሽ፣ እታለም። አንዳችን እንኳ ወንድም ይኑረን» አልሽኝ።

አሜን አልሁ። ቻይነሽ፣ አፌን ሞልቼ አሜን አልሁ!

ከአስመራ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ሁለተኛ አልመጣም። የሚያርሰው የለም ተብሎ መሬትሽ ለሌላ ተሰጠ። ወደ አክስትሽ ስትሄጂ ጓዝሽን ተሸክሜ እስከ መኪናው አደረስሁሽ። ሰው ሁሉ «እንዲህ ነው ጓደኛ!» አለኝ።

እንደዚህ ሆኜ እሞት ነበር፤ ከእንግዲህ አልዋሽሽም። ባለፈው ሳምንት ጤፍ ነጋዴው ይርሳው ከአዴት ሰላምታሽን አመጣ። «እንዳለው ገና አላገባም ወይ? ያ የደከምንበት የአልጋ ልብስ ሣጥን ውስጥ ብል አልበላውም ወይ?» ብለሻል። እንዳለው ከጎኔ ነበር። «የቱ የአልጋ ልብስ?» አለኝ። ይርሳው እስኪሄድ ጠብቆ ደግሞ ጠየቀኝ። በሌላ ውሸት ልሸፍነው አፌን ከፈትሁ፤ ተውሁት። ሁሉንም ነገርሁት።

ሦስት ቀን ከእጄ አልበላም። በአራተኛው፣ «ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የክንዱን ዕድሜ ነው የምበላው» አለ። ሞፈሩንና ቀንበሩን ከጓዳ አወጣ። «ክንዱ እስኪመጣ የአክስቷን ማሳ የማርስ እኔ ነኝ። አንቺ ጻፊላት። የምትሸፋፍኚው ቃል እንዳይኖር» አለኝ። እጮኛውንም አሰናብቷል። እዚህ ቤት ተመልሶ እንደማይገባም ነግሮኛል። ለማዳን ብዬ ያን ሁሉ የበደልሁለት ወንድሜ ዛሬ ስሜን አይጠራም።

ክንፈሚካኤል የይለፍ ወረቀት ከለከለው። «ከቀበሌዬ ከወጣ እኔ አላውቅለትም» አለ። የዚህ ትርጉም ይገባሻል። ሳሉ ቡሬ ላይ ብቻ ነው የሚሠራለት፤ አዴት ላይ ጤነኛ ጎልማሳ ነው። ገበያ መሀል ካገኙት አፍሰው ይወስዱታል። ለመንሁት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ ወይ ፍንክች አለ።

ደብዳቤውን ያቀበለሽ እንዳለው ነው፤ ያለ ይለፍ መጥቷል። ይህን ስታነቢ በሬዎቹን ይዞ ደጅሽ ቆሟል።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅር ብትዪኝም አላምንሽም። ብታባርሪው፣ ወይ ሂደሽ «እዚህ አለላችሁ» ብትያቸው፣ የምፈርድብሽ እኔ አይደለሁም። ግን እንደሱ አታድርጊ፣ ቻይነሽ። አንቺን የመለመን ፊት የለኝም፤ ባይኖረኝም እለምንሻለሁ። የገበያ ቀን ከግቢ አታስወጪው። ስብሰባ ሲጠራ ማሳ ላይ ይዋል። መጥተው «ይህ ማነው?» ካሉሽ፣ ወንድሜ ነው በያቸው።

ታንጉት