ለማንኪራ ዳገት የሚሆን ካርቡሬተር

ማክሰኞ

ጂፗ ደግሞ ቆመች። ገበያው መሀል፣ ባጃጁ ሁሉ እየጮኸብኝ። ከአባዬ ጊዜ ጀምሮ ጂፗን ሲጠግኑ የኖሩት ጋሽ ኮቺቶ ለሞተሩ ቤንዚን የሚመጥነውን ካርቡሬተር ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ይሄማ በቃው፤ ስንቴ እናጥበዋለን? ሌላ ፈልጊ» አሉኝ።

ሞራ የሚገፍፉት የዓይን ሐኪሞች ቦንጋ የሚውሉት የፊታችን ቅዳሜ ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ ዳገቱ አናት ላይ፣ ማንኪራ ናት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ጉልበቷ መንገዱን አይችልም፣ ሞተር ብስክሌትማ «ሬሳዬም አይጫንበት» ብላለች። ዝናቡ መንገዱን ከበላው ወዲህ ከእኛ ጂፕ በቀር የሚደፍረው የለም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ጉሙ ከጫካው ላይ ሲነሳ ሳይ ዋልኩ። እማዬ ዓይኗ ሲገለጥ መጀመሪያ ምን ታይ ይሆን? አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠራኝ መሰለኝ።

ረቡዕ

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ እዚሁ ቦንጋ ሱቅ ያለው፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግን ለከተማ መኪና የተሠራ። ሌላው ዋጫ ከተማ ሞታ ከቆመች ጂፕ ላይ የሚፈታ፣ የራሷ ዓይነት፣ ግን አሮጌ። ጋሽ ኮቺቶም አልቆረጠላቸውም። «አዲስ ያው አዲስ ነው» አሉ እየተጠራጠሩ።

አዲሱን ገዝቼ አስገጠምኩ። አስፋልቱ ላይ ተንሳፈፈች። ብቻዬን ዘፈንኩ።

ሐሙስ

የማንኪራ ዳገት ላይ ሞተሯ ጠፋ፤ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ። ጠብቄ አስነሳኋት፣ ደግማ ጠፋች። በፍሬን እየያዝኩ ወደ ኋላ ወረድኩ። ሜዳው ላይ ስደርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳች። ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ።

ጋራዡ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ጠረጴዛው እንደ ቦንጋ ያዘነበለ ነው። ፈዝዤ ብርጭቆዬን አያለሁ። ሻዩ በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሏል። ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ቤንዚንም ዳገት ላይ እንዲሁ ሸሽቶ ቢሆንስ?

ብርጭቆውን ይዤ ወደ ጋሽ ኮቺቶ ሄድኩ። አዘንብለው አዩት፣ ከዚያ ሻዬን ጠጡት። «ልክ ነሽ። የራሷ የተሠራው ዳገት ታስቦ ነው» ብለው ዋጫ ላለው ወዳጃቸው ደወሉ።

አንድ ቀን ቀረኝ። ፈርቻለሁ።

ዓርብ

አሮጌው ካርቡሬተር ከዋጫ በጠዋቱ ሚኒባስ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ጋሽ ኮቺቶ አጥበው ገጠሙት። ዳገቱ ላይ እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ እሷ ግን አንዴም ሳታስል ወጣች።

እማዬ ደጅ የለችም። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እኔን የምታውቀኝ በጂፗ ሳል ነው፤ ገና ከሩቅ ሰምታ አጥሩ ጋ ትቆማለች። ዛሬ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። «ማነው?» አለች በካፊኖኖ ቋንቋችን፣ እንግዳ በምታናግርበት ድምፅ። እኔ ነኝ ስላት ፊቴን ዳበሰችኝ። «መኪናሽስ የታለች?»

ስንወርድ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ተቀመጠች። የፈራች መስሎኝ ነበር። «ስንት ዓመት በዚህች መኪና ስመላለስ ወፎቹን ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ። መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩላት።

አሁን አልጋዬ ላይ ጋደም ብላለች፣ ውጭው ገና ብርሃን ነው። «ነገ ከበራልኝ፣ ስትመልሺኝ ወፎቹን እንዳያቸው ቀስ ብለሽ ንጂ» አለችኝ። ይበራልሻል ብዬ ቃል መግባት አልደፈርኩም። «እሺ እማዬ» ብቻ አልኳት።