ደጄ ላይ ያለው ድንጋይ

ከአሸተን ማርያም ሥር
ግንቦት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ መሪጌታ ምናለ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ብለው ስላስተማሩን ነው። በመሠረተ ትምህርት ዳስ ፊደል ስቆጥር ላንተ እጽፍበታለሁ ብዬ አልነበረም፤ ግን ይኸው፣ ማንንም ሳላስቸግር በገዛ እጄ እየጻፍኩልህ ነው። «እርስዎ» ማለቱንም ለዛሬ ትቼዋለሁ። አንድ ደጅ ላይ አፈር ፈጭተን ያደግን ልጆች ነን፤ ማዕረግህን ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ታገኘዋለህ።

አማችህ ደርበው ወረቀትህን አድርሶኛል። እናትህ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ከተቀበሩ ዐሥር ቀናቸው ነው። አንተ ደሴ ስብሰባ ላይ ነበርክና አልደረስክም። እሑድ ስትመጣ ለቅሶው እንደገና ይቀመጣል፤ አልቃሿ እኔ ነኝ። እስከዚህ ደህና። ግን «አልቅሺልኝ» ብለህ መች አበቃህ? የማለቅስበትን ግጥም ጭምር ጽፈህ ላክህልኝ! አንተ የቅኔ ወንዝ ሆነህ፣ እናትህ የወንዙ ምንጭ ሆነው፣ «ምንጩ ደረቀ» እንድል።

«ምን ይላል?» አለኝ ደርበው። አነበብኩለት።

«ኧረ በማርያም! በናቱ ለቅሶም ራሱን ያስወድሳል እንዴ?» ብሎ አንገቱን ደፋ። እሱ አፈረልህ፤ እኔ ግን አልገረመኝም።

ግጥም እንደምችል ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በሰባ ሰባት ኅዳር፣ በራቡ፣ አባታቸው ለሰፈራ ተጭኖ በሄደ በሳምንቱ፣ ልጆቼ መርገፍ ጀመሩ። ሙሉሃብትን፣ አለሜንና አረጋን በአንድ ወር ውስጥ ቀበርኩ። የመጨረሻው ቀን እንዲህ ብዬ አለቀስኩ፦

ሌላው ቤት ይሠራል ድንጋይ ተሸክሞ፣
የኔን ፈለፈለው ልጆቼን ለቃቅሞ።

ያገሬ ሰው ወዲያው ገባው። እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ይፈለፈላል እንጂ አይገነባም፤ ውስጡ እየወጣ ነው ቤት የሚሆነው። የኔም ቤት እንደዚያ ውስጡ ወጥቶ ግድግዳው ቀረ። አስቤ የገጠምኩት አልነበረም። አንተ ከወንዶቹ መካከል ቁጢጥ ብለህ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። አዘነልኝ ብዬ መረቅኩህ፤ ለካ እያጠናህ ነው!

በዘንድሮው ገና ላሊበላ ስትቀኝ ከሴቶቹ ወገን ቆሜያለሁ። ግእዝ አልሰማም፤ ግን ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉህ ያገሬ ልጅ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የደብተራው ልጅ ሸጌ ናት በጆሮዬ የፈታችልኝ። «ራብ የእግዜር መጥረቢያ ነው፣ ላስታን ፈልፍሎ መቅደስ አደረጋት ነው የሚለው» አለችኝ። ቀጥላም «አስቻለች፣ ይኸ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለች።

ስርቆቱን እንኳ እችለው ነበር። እኔ ተበደልኩ ብዬ የጮኽኩበትን አንተ ምስጋና አደረግከው። ልጆቼ መቅደስ ሲፈለፈል የሚጣል የድንጋይ ስባሪ ሆኑልህ። የአውራጃ ሹሞችም ወደዱልህ፤ ራቡ የእግዜር ሥራ ከሆነ እነሱን ማን ይጠይቃል! ካባ ለበስክ። ከየት አገኘኸው ሲሉህ «ከራሴ ነው፤ እንዲህ ያለው ለሁሉም አይገለጥም» ስትል እኔ ከጀርባህ ነበርኩ። ጠላሁህ፣ ምናለ። ዛሬም እጠላሃለሁ።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። በገና ማግስት እማሆይ የቅኔህን ፍቺ ሰምተው ቤቴ መጡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ያን ሁሉ ዳገት፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው! ደጄ ላይ ተንበረከኩ።

«አስቻለች ልጄ፣ ምናለን ማሪልኝ።»

«ኧረ ያውርዱት እማሆይ፣ እርስዎ ምን አደረጉኝ?»

«ወለድኩታ!» አሉኝ።

ድንጋዩን አወረድኩላቸውና ተቃቅፈን አለቀስን። በራቡ ጊዜ የመጨረሻ ገብሳቸውን ለልጆቼ ያካፈሉ ሴት ናቸው፤ እሳቸውን እንዴት እምቢ እላለሁ? «ለእርስዎ ስል ዝም እላለሁ፤ ምሕረቱን ግን ራሱ መጥቶ ይውሰድ» አልኳቸው። «ይመጣል» አሉ። አራት ወር ጠበቁህ። ሂድና ይቅር በይኝ በላት ሲሉህ «የሴት ለቅሶ ምን ቁም ነገር አለውና!» ብለህ እንደመለስክላቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ድንጋዩን ግን አልነገሩህም። አፍረውልህ ነው።

ድንጋዩ ዛሬም ደጄ ላይ ነው። እሑድ ለቅሶው ሳይጀመር ካባህን አውልቀህ ና፤ ተሸከመው። በሰው ሁሉ ፊት «ቃሉ የአስቻለች ነው፤ ልጆቹም የአስቻለች ናቸው» በል። ያኔ ስምህን እጠራለሁ፤ እንደ ልጅ ወግም አስለቅስሃለሁ።

ባትመጣም ከእማሆይ ለቅሶ አልቀርም። ገብሳቸውን አነሣለሁ፣ ያን ዳገት አነሣለሁ። ወገናቸውን፣ እህታቸውን፣ ደርበውን ሳይቀር በየስማቸው እጠራለሁ። ሰው ሁሉ ያንተን ስም ይጠብቃል፤ አንተም ካባህን ለብሰህ ትጠብቃለህ። እኔ ግን ለእማሆይ፣ ልጅ ሳይወልድ ለሞተ ሰው እንደሚለቀሰው አለቅስላቸዋለሁ።

የሙሉሃብት፣ የአለሜና የአረጋ እናት
አስቻለች