ያልሞተውን ሙት ያልኩበት ሳምንት

ይድረስ ለወንድሜ ለገበየሁ፤

እንዴት ሰነበትክ? ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ? ሙኒትና ልጆቹስ ደህና ናቸው? የምትጠብቁት ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ ከምን ደረሰ? እኔና እማዬ ሺኩን ቫቲኪም በሚባለው ሰፈራችን በጤና አለን፤ እኔ ግን ሰሞኑን አንጀቴ አርሯል።

ሚስራዳችን፣ መሥሪያ ቤታችን ማለቴ ነው፣ ኮምፓይለር እንደሚሠራ ነግሬህ ነበር፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ባይትኮድ ወደሚባል አጭር ትእዛዝ የሚለውጥ ነው። በመካከሉ እያንዳንዱ ዋጋ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የያዘው ቁጥር ወይም ቃል፣ ወደፊት ይፈለግ እንደሆነ ያጣራል። የሚፈለገውን ሕያው፣ የማይፈለገውን ሙት እንለዋለን፤ በሙቱ ቦታ ሌላ ይቀመጣል። ይህን ለማወቅ ሙሉውን ፕሮግራም ደጋግሞ ሲያስስ አንድ ደንበኛችን አርባ ደቂቃ ይጠብቅ ነበር። እኔ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንዲሄድ፣ መልስ ሲለወጥም ለውጡ የሚነካቸውን ክፍሎች ብቻ ተመልሶ እንዲያይ አደረግሁት። ሦስት ሳምንት ለፍቼ አርባው ደቂቃ አራት ሆነ።

ሰኞ ዕለት ግን የደንበኛው ፕሮግራም በሰው ፊት ተበላሸ። ፕሮግራሙ ስህተት ሲያጋጥመው የሚሄድበትን መንገድ ረስቼው ኖሯል፤ በዚያ በኩል የሚፈለገውን ዋጋ ሙት ብዬ ቦታውን ለሌላ ሰጥቻለሁ። አለቃዬ ሊኦር ሥራዬን አውጥቶ አሮጌውን መለሰ። በማግስቱ አርሜ፣ ስድስት መቶ ፕሮግራም በአሮጌውም በአዲሱም አስኬጄ መልሳቸው አንድ መሆኑን ባሳየውም፣ «ከእንግዲህ ማንም አይነካካው» አለኝ። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር፤ የራሴ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ትናንት ደንበኛው ደውሎ ለምን እንደገና ዘገየ ብሎ ሊኦር ላይ ጮኸ። እሱም ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ። እሑድ አዲሱን እንልክልሃለን አልኩት፤ ሊኦርም አልተቃወመም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ድካሙ ብቻ ተሰማኝ።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። ረቡዕ ከሰዓት ከባልደረባዬ ከኦርኒት ጋር በስልክ ስንከራከር፣ በዕብራይስጥ «ሜት» ስል፣ ሞቷል ማለቴ ነው፣ እማዬ ሰማች። የያዘችው ሰሃን ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። «ገበየሁ ነው?» አለችኝ። የኮምፒውተር ነገር ነው ብዬ ብምል ብገዘት፣ «ኮምፒውተር ነፍስ አለው እንዴ? የምትደብቂኝ ነገር አለ» ብላ ይኸው እስካሁን እህል በወጉ አልቀመሰችም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ይህ እንደደረሰህ በገዛ እጅህ ጻፍላት፤ ቀኑንም ጨምርበት። የእኔ ቃል አልበቃትም።

ሙኒትን እቀፍልኝ። አምባቸው ትምህርቱን እንዲበረታ፣ ታሪኳም እናቷን እንድታግዝ ንገራቸው። የአክስታችንን የባንችን ጉልበት ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ስማችሁን እየጠራች ሰላም ትላለች፤ ያንተን ሁለት ጊዜ ጠርታዋለች።

እህትህ አገኘሽ
ኔታንያ፣ ዓርብ ኅዳር 4 ቀን 1991 ዓ.ም.