ዳታቤዙ እምቢ ሲል

ሉትፊ ወዳጄ፣

ጋቤስ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጃለሁ። ሽምብራው ድስት ውስጥ አለልህ፣ አሙቀህ ብላ። ጋዙን አጥፍቼዋለሁ።

የክሊኒኩን የቀጠሮ ገጽ አስተካክዬዋለሁ። ዳታቤዙ አልመዘግብም ሲል ያንተ ኮድ ስህተቱን ዋጥ ያደርግና ለበሽተኛው «ቀጠሮዎ ተይዟል» ይለው ነበር። ሰኞ ዕለት አንዲት እናት ያንን አምነው ከገጠር ድረስ መጥተው፣ ስማቸው የለም ተብለው ተመለሱ። ስጠይቅህ ምን አልከኝ? «ኒዛር፣ ሰው ቀይ ጽሑፍ ሲያይ ይደነግጣል። ምን ብዬ ላስከፋው?»

አሁን ዳታቤዙ እምቢ ካለ ገጹ እምቢ ማለቱን ይናገራል። በግማሽ የገባውን ይሰርዛል፤ የሚደወልበትንም ስልክ ያሳያል። ሰውየው ቢደነግጥም ሌላ በር ያንኳኳል። እባክህ ወደ ድሮው አትመልሰው።

ስልኬ ዛሬ ጠዋት ተጠግኖ መጣ። ወዲያው እህቴ ደወለች።

«እሁድ ለሉትፊ ነግሬው ነበር እኮ፤ እናታችን በጠና ታማ ስምህን እየጠራች ነው አልኩት። እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

ለእኔ ያልከኝ «ከቤት ደውለው ነበር፣ ሁሉም ደህና ናቸው» ነው።

ሥራውን እስካስረክብ ብለህ ነው። አውቃለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለህም። ለዚህ ነው ልጮህብህ ያልቻልኩት።

ቁልፌን በሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

እናቴ የተቀበረችው ትናንት፣ ማክሰኞ ነው። እሁድም ሰኞም ወደ ጋቤስ መኪና ነበረ።

ኒዛር